ደብዳቤ ለልጄ፦ ብሮከሩን ከመያዝሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደሴ እንደምታውቂያት ናት፣ ጦሳ ጭጋጉን ለብሶ ነው የሚያነጋው። አባትሽ ቤት ልትገዙ መሆኑን ከሰማ ወዲህ ፒያሳ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ ያወራል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከሲያትል ወደ ዳላስ ልትዛወሩ ነው፣ ቤቱንም ከወዲሁ ልትይዙ ነው፣ ሞርጌጁን፣ ማለት የቤት ብድሩን፣ የሚጨርስላችሁ ብሮከር ደግሞ ጓደኛሽ ያገናኘችሽ የኛው አገር ሰው፣ ያውም የወሎ ልጅ ነው አልሽኝ። ደስ ይላል። ግን "እማ ምንም አታስቢ ሁሉንም እሱ ይጨርስልኛል" ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሰውየውን አላውቀውም፣ ክፉም አልለውም፣ ጎበዝና ታማኝ ሊሆን ይችላል። የወሎ ልጅ መሆኑ ግን ስለ ብድሩ ምንም አይነግርሽም።

እኔ እድሜዬን የጨረስኩት ባንክ ብድር ክፍል እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሰው በአገናኝ ሲመጣ አይቻለሁ፣ ተበዳሪው ከጠረጴዛው ማዶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የሚመልስልኝ አገናኙ ነው። "ወለዱ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ?" ብዬ ተበዳሪውን ስጠይቀው ዞር ብሎ የአገናኙን ፊት ያያል። እንዲህ ያለው ሰው እኮ ቤቱን ነው የሚያስይዘው! አንቺ እንደዛ ሆነሽ እንድትቀመጪ አልፈልግም።

የላክሽልኝን ፒዲኤፍ ፕሪንት አስደርጌ በእስክሪብቶ እያሰመርኩ አነበብኩት። የእኔ ልጅ፣ ይሄ ሎን ኢስቲሜት የሚባለው፣ የብድሩ ወለድና ወጪ ተዘርዝሮ የሚሰጥበት ወረቀት፣ አይደለም፣ ብሮከሩ በራሱ ፎርም የሞላው ግምት ነው። የአሜሪካኑ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የሎን ኢስቲሜቱ ናሙና አለ፣ ሶስት ገጽ ነው፣ ሁሉም አበዳሪ አንድ አይነት ፎርም ነው የሚሞላው። ስምሽን፣ ገቢሽን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን፣ የቤቱን አድራሻ፣ የቤቱን ዋጋ ግምትና የምትበደሪውን መጠን ከሰጠሽ በ3 የስራ ቀን ውስጥ እንዲደርስሽ ህጉ ያዛል። አድራሻ ስላልያዛችሁ እስካሁን አልደረሰሽ ይሆናል፣ እሱ ጥፋት አይደለም። ቤት በመረጣችሁ ማግስት ግን ያንን ወረቀት ጠይቂ፣ ከእሱ ብቻም ሳይሆን ከሌላ ብሮከርና ከአንድ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር ማህበር) ጭምር፣ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ምክንያቱም ሬት፣ ማለት የወለዱ መጠን፣ በየቀኑ ስለሚቀያየር የሰኞውን ከሐሙሱ ጋር ብታወዳድሪ አይገናኝም። የብድር ታሪኬን (ክሬዲቴን) ደጋግመው ቢያዩት ነጥቤ ይወርዳል ብለሽ አትፍሪ፣ ለሞርጌጅ ሲሆን በ45 ቀን ውስጥ ያለው እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው፣ አንቺ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሺው።

ወረቀቶቹ ሲመጡ ሁለተኛውን ገጽ አውጪና ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ከላይ በግራ በኩል "ኤ" የሚለው ክፍል አበዳሪውና ብሮከሩ ራሳቸው የሚያስከፍሉት ነው፣ ፖይንትም፣ ማለት ሬቱ እንዲቀንስ ከወዲሁ የሚከፈለው ገንዘብ፣ እዛው ነው ያለው። "ቢ" የሚለው አንቺ መምረጥ የማትችይው አገልግሎት ነው፣ "ሲ" ደግሞ ዞረሽ ርካሽ መፈለግ የምትችይበት። እኔ መጀመሪያ የማየው "ኤ"ን ነው። ሬቱ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ካየሽው ፖይንት ተከፍሎበት እንዳይሆን እዛ ታገኚዋለሽ፣ አንድ ፖይንት የብድሩ 1 ፐርሰንት ነው፣ 350 ሺ ዶላር ብትበደሪ 3,500 ዶላር ማለት ነው፣ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሶስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ በ5 አመት ውስጥ በጠቅላላ ስንት እንደምትከፍይና ከዋናው ብድር ስንቱ እንደሚቀነስ ይጽፋል፣ ሶስቱን ወረቀት በዚህ ቁጥር ብታወዳድሪያቸው ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ ይታይሻል።

አሁን ስለ ሰውየው። ብሮከር የራሱን ገንዘብ አያበድርም፣ ፋይልሽን ይዞ ወደተለያዩ አበዳሪዎች ነው የሚሄደው፣ ጥቅሙም እሱ ነው። ባለቤትሽ ኡበር ስለሚሰራ ገቢው በደመወዝ ወረቀት አይታይም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት አመት የታክስ ወረቀት ይጠይቁታል፣ የሚያዩትም ወጪው ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ነው፣ አንዱ አበዳሪ ቢከለክላችሁ ጥሩ ብሮከር ሌላ ጋ ይወስዳችኋል። አንቺም ሆስፒታል እየቀየርሽ ነው፣ ስለዚህ በግልጽ ጠይቂው፣ በኦፈር ሌተር፣ ማለት አዲሱ መስሪያ ቤት በሚሰጠኝ የቅጥር ደብዳቤ፣ ብቻ የሚጨርስ አበዳሪ አለህ ወይስ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ መጠበቅ አለብን? እዚህ ላይ ከተምታታበት ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ከተማ ለሚቀይር ሰው ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው።

ክፍያውን ወይ አበዳሪው ይከፍለዋል ወይ አንቺ፣ በአንድ ብድር ከሁለታችሁም መቀበል አይፈቀድለትም። "ካንቺ አምስት ሳንቲም አልቀበልም ባንኩ ነው የሚከፍለኝ" ሊልሽ ይችላል፣ እውነቱንም ይሆናል፣ ባንኩ ግን ከኪሱ አውጥቶ አይሰጠውም፣ ሬትሽ ውስጥ ነው የሚከተው። ስለዚህ ስንት ፐርሰንት እንደሚያገኝ ሳታፍሪ ጠይቂ። 2 ፐርሰንት ከሆነ በ350 ሺው ላይ 7 ሺ ዶላር ነው። የአገር ልጅ ነው ብለሽ ይሉኝታ እንዳይዝሽ፣ ደህና ሰው ከሆነ ስትጠይቂው ቅር አይለውም።

ፈቃዱንም እይ። እያንዳንዱ ብሮከር ኤንኤምኤልኤስ የሚባል ቁጥር አለው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ትፈልጊዋለሽ፣ የት የት ፈቃድ እንዳለውና በባለስልጣን ተቀጥቶ ከሆነም ይታያል። አንቺ የምትኖሪው ዋሽንግተን ስቴት ቢሆንም ቤቱ ያለው ቴክሳስ ነው፣ ስለዚህ የቴክሳስ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው።

ከፈቃዱ ሌላ ቴክሳስን ማወቁን እፈልጋለሁ። እዛ የስቴት የገቢ ግብር የለም፣ የቤት ታክሱ ግን ከባድ ነው፣ ዳላስ አካባቢ በብዙ ቦታ ከቤቱ ዋጋ 2 ፐርሰንት አካባቢ ይደርሳል፣ የ400 ሺ ዶላር ቤት በአመት ወደ 8 ሺ ዶላር ማለት ነው፣ በወር ሲካፈል ከ650 በላይ። የላክሽልኝ የብሮከሩ ወረቀት ላይ ያለው የወር ክፍያ ለምን እንዳነሰ ገብቶኛል፣ ታክሱን አላስገባበትም! አዲስ የተሰራ ቤት ከሆነ ደግሞ ይባስ ጠንቀቅ በይ፣ ቴክሳስ ቤቱን የሚገምተው ጃንዋሪ 1 ባለበት ሁኔታ ስለሆነ የመጀመሪያው አመት ታክስ በባዶ መሬት ተሰልቶ ሊመጣ ይችላል፣ በሚቀጥለው አመት ቤቱ ሲገመት ኤስክሮው፣ ማለት ለታክሱ በየወሩ የሚጠራቀመው ገንዘብ፣ ይጎድልና ወርሃዊ ክፍያችሁ ድንገት ዘሎ ይወጣል። ስለዚህ ብሮከሩ በተጠናቀቀ ቤት ዋጋ እንዲያሰላልሽ ንገሪው። ሳትነግሪው ራሱ ካነሳው እኔ በበኩሌ ያ ሰው ስራውን ያውቃል እላለሁ።

ቤት ሰሪው ካምፓኒ የራሱን አበዳሪ ብትጠቀሙ ለክሎዚንግ፣ ማለት ለግዢው ማጠናቀቂያ ወጪ፣ ይሄን ያህል እንረዳችኋለን ሊላችሁ ይችላል። አንዳንዴ እውነትም ያዋጣል፣ ግን የእነሱንም ሎን ኢስቲሜት ተቀብለሽ ከሌሎቹ ጎን አስቀምጪው፣ በቅናሽ የሰጡትን በሬት እንዳይወስዱት።

ሌላው የገንዘብ ዝውውሩ ነው። በሩቅ ሆናችሁ ስለምትጨርሱ ዳውን ፔይመንቱን (ቅድሚያ ክፍያውን) በባንክ ነው የምትልኩት፣ "የአካውንት ቁጥሩ ተቀይሯል" የሚል ኢሜይል ከመጣ ሌባ ነው ብለሽ ተነሺ፣ ኢሜይሉ ላይ ያለውን ስልክ ሳይሆን ቀድሞ የምታውቂውን የታይትል ካምፓኒውን፣ ማለት የግዢውን ገንዘብና ወረቀት የሚያስፈጽመውን ድርጅት፣ ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ። ክሎዚንግ ዲስክሎዠሩም፣ ማለት የብድሩ የመጨረሻ ሂሳብ ያለበት ወረቀት፣ ከመፈረምሽ 3 የስራ ቀን በፊት ይደርስሻል፣ ከሎን ኢስቲሜቱ ጋር መስመር በመስመር አስተያዪው።

አሁን የማስቸግርሽ ሁለት ነገር ነው፣ የሰውየውን የኤንኤምኤልኤስ ቁጥር ዛሬውኑ ላኪልኝ እኔም ልየው፣ ሎን ኢስቲሜቶቹ ሲመጡ ደግሞ ሳትፈርሚ በቴሌግራም ላኪያቸው። ማታ ኔትወርኩ ደህና ስለሆነ ያኔ ደውዪና አብረን እናነባቸዋለን፣ ባለቤትሽም ቢኖር ጥሩ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ።

እናትሽ፣ ከደሴ