የፈጠራ ክበብ የዘንድሮ ውሎ

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በስህተት ነው። ስህተቱም የኔ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «አዲስ ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ» አልኩ። ሁለት ልጆች አወሩ፣ ሌላው ዝም ብሎ አዳመጠ። ወር ሙሉ ስለ ሮቦት ስናወራ ከረምን፤ የተሠራ ነገር ግን አልነበረም።

ከዚያ ልማዳችንን ቀየርን። ከወሬ በፊት ሁሉም ለአሥር ደቂቃ ብቻውን ይጽፋል። ይሄ ከኔ የፈለቀ አይደለም። «ብሬንስቶርሚንግ»ን፣ ማለትም በቡድን ተሰብስቦ ሐሳብ የማዝነብን ዘዴ፣ ያስፋፋው የማስታወቂያ ባለሙያው አሌክስ ኦስቦርን፣ ሰው በቡድን ሲያስብ ብዙ ሐሳብ ያፈልቃል ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ግን፣ ለየብቻ ያሰቡት ሰዎች ሐሳብ ሲደመር የቡድኑን በለጠ።

የሐሳብ ደብተራችንንም ትተን «የእሮሮ ደብተር» ከፈትን። የሚያናድድህን ጻፍ፣ በቃ። ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወጥቷል የተባልኩት መጽሐፍ ተመላሽ ክምር ውስጥ ተገኘ» ብላ ጻፈች። የዓመቱ ዋና ሥራችን ከዚህች መስመር ወጣ።

ለተመላሽ መጻሕፍት የካርቶን መደርደሪያ ሠራን። በሁለተኛው ቀን ተደረመሰ። ሁለተኛው ጠንካራ ነበር፤ ልጆቹ ግን መጽሐፉን ያገኙበት ይወትፉታል። በሦስተኛው ላይ በየትምህርቱ ቀለም ለጠፍን። ይሄኔ የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ «እኔን ማን ጠየቀኝ? መጀመሪያ የተመለሰውን መመዝገብ አለብኝ እኮ» አሉን። እውነታቸውን ነው። እኛ ያቀለልነው ሥራ እሳቸው ላይ ተጭኗል። መዝገቡን መደርደሪያው አጠገብ ካደረግንላቸው ወዲህ ነው ነገሩ የሰመረው።

በዚያው ሰሞን ስለ ካሜራና የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ተከራከርን። የኩባንያው መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ አሳይቷል። ኮዳክ ግን ትርፉ ከፊልም ነበርና ለአዲሱ ነገር አልቸኮለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የኪሳራ ጥበቃ፣ ማለትም ከአበዳሪዎቹ የሚከልለው የፍርድ ቤት ከለላ፣ ጠየቀ። አንድ ተማሪ «ሐሳብማ ነበራቸው፤ ሐሳቡ የሚነካውን ሥራ ነው መንካት ያልፈለጉት» አለ። ከኔ ገለጻ የሱ ይሻላል።

ሌሎቹን ሥራዎች አልዘረዝርም፤ ግማሾቹ ገና ሙከራ ላይ ናቸው። የእሮሮ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ግን «መምህሩ ብዙ ያወራሉ» የሚል አግኝቻለሁ። የእጅ ጽሑፉን ማንነት አልጠየቅኩም። ለመስከረም ደቂቃ ቆጣሪ ገዝቻለሁ።