ቅዳሜ እንጦጦ ላይ፦ የቬነስ እሳተ ገሞራ

ውድ አባላት፣ ቅዳሜ ማታ እንጦጦ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ቬነስ ነው፤ ስለዚያች የአጥቢያ ኮከብ። ደመናዋ ስለሸፈናት መሬቷ በቴሌስኮፕ አይታይም። ራዳር ግን ሰንጥቆ ያልፋል። በራዳር ምስል ላይ ሸካራ ላቫ (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ቅልጥ ድንጋይ) ደምቆ፣ ለስላሳ አመድ ጠቆር ብሎ ይታያል። ለስላሳ ላቫም ሊጠቁር ስለሚችል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የአየሩ ግፊት ነው። ከእኛ 90 እጥፍ ገደማ ስለሚሆን የማግማውን (ገና ከመሬት ውስጥ ያልወጣውን ቅልጥ ድንጋይ) ጋዝ አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ የፍንዳታ አመድ ከተገኘ፣ ማግማው ብዙ ጋዝ ነበረው ማለት ነው።

ማጀላን የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1991 ማት ሞንስ የተባለውን የቬነስ ተራራ በ8 ወር ልዩነት ሁለቴ አይታዋለች። በመካከል አንዱ የእሳተ ገሞራ አፍ ሰፍቷል! ይህ ይፋ የሆነው በ2023 ነው። ምስሎቹን አብረን እናያለን።

ጋቢ አትርሱ፣ የእንጦጦ ብርድ አይጣል ነው።