ለደንበኞቻችን፦ የነዳጅ ጌጁን ከመንቀላችሁ በፊት

ጉዳዩ፦ የነዳጅ ጌጅ ብልሽት ምርመራን ይመለከታል

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከቆዩ የስፖርት መኪናዎች ዳሽቦርድ ተነቅለው ለጥገና ከሚላኩልን መሣሪያዎች መካከል የነዳጅ ጌጅን የሚያህል የለም። ከእነዚህ ጌጆች ብዙዎቹ ግን ምንም አልሆኑም። መሥሪያ ጠረጴዛችን ላይ አስረን ስንፈትሻቸው ቀስቱ ከባዶ እስከ ሙሉ ያለ እንከን ይጓዛል። ባለቤቱ ጌጁን ወስዶ ቦታው ሲመልሰው ያው ቀስት ያው ባዶው ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ጥፋቱ የሌላ፣ ቅጣቱ የጌጁ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ማንኛውንም የነዳጅ ጌጅ ለጥገና የምንቀበለው መኪናው ላይ እንዳለ ከተመረመረና ውጤቱ ተጽፎ ከመጣ ብቻ ነው። ምርመራው ከባድ አይደለም፤ አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ አንድ ቁራጭ ሽቦና ትዕግሥት ይበቃዋል።

ጌጁ ብቻውን የሚያውቀው ነገር የለም። ታንኩ ውስጥ ሴንሰር የሚባል መሣሪያ አለ፤ በክንዱ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ተሰክቷል። ነዳጁ ሲወርድ ክንዱም አብሮ ይወርድና በቀጭን ጥቅል ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ምላስ ያንቀሳቅሳል፤ በዚህም የሴንሰሩ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመቃወም መጠኑ) ይለወጣል። ከሴንሰሩ አንድ ሽቦ ወደ ዳሽቦርድ ይሄዳል። የኤሌክትሪኩ ዑደት የሚሟላው ደግሞ ሴንሰሩ ከመኪናው ኔጋቲቭ፣ ማለትም ባትሪው ከታሰረበት ከሻሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር ሲገናኝ ነው። ቀስቱ የሚነግረን የዚህን ሰንሰለት ድምር እንጂ የነዳጁን ልክ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ፊውዙንና የሞተሩን የሙቀት ጌጅ ተመልከቱ። ሁለቱም ጌጆች ባንድ ጊዜ ከታመሙ ታንኩን ለመክፈት አትቸኩሉ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) በኋላ በተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች ውስጥ ሁለቱ ጌጆች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በአማካይ 10 ቮልት ከሚሰጥ አንድ ስታቢላይዘር (ቮልቱን የሚያረጋጋ መሣሪያ) ነው። ሁለቱም ከልክ በላይ ከፍ ካሉ ስታቢላይዘሩ ኔጋቲቩ ተቋርጧል ወይም ውስጡ ተጣብቋል። ሁለቱም ከሞቱ ወደ እርሱ የሚገባው ወይም ከእርሱ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ይፈተሽ። የድሮው ስታቢላይዘር የሚሠራው እያቋረጠና እየመለሰ ስለሆነ ቴስተር ላይ ቁጥሩ ይዘላል። ይህ ጠባዩ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ጤነኛ ስታቢላይዘር እንደተጣለ እንጃ!

ቀጥሎ ዋናው ፈተና ይመጣል። ታንኩ ላይ ከሴንሰሩ የሚነሳውን ሽቦ ፈልጉ። ቁልፉን አጥፍታችሁ ሽቦውን ንቀሉ፤ ከዚያ ቁልፉን ከፍታችሁ ቀስቱ የት እንደሚቆም እዩ። እንደገና ቁልፉን አጥፉና የሽቦውን ጫፍ ከንጹሕ የሻሲ ብረት ጋር አስራችሁ ቁልፉን ክፈቱ። ሽቦ የሚነቀለውም የሚታሰረውም ቁልፉ ጠፍቶ ነው፤ ከነዳጅ ታንክ አጠገብ ብልጭታ አንፈልግም። ጤነኛ ጌጅ በአንደኛው ሙከራ ወደ አንዱ ጫፍ፣ በሁለተኛው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል።

የትኛው ጫፍ እንደሚሆን የሚወስነው የመኪናው ዓይነት ነው። ከ1968 እስከ 1982 በተሠሩት ሸቭሮሌት ኮርቬቶች የሴንሰሩ ሬዚስታንስ ታንኩ ባዶ ሲሆን 0፣ ሲሞላ 90 ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ) ገደማ ነው። ስለዚህ ሽቦው ሲነቀል ቀስቱ ከሙሉ አልፎ ይሄዳል፤ ከሻሲ ጋር ሲገናኝ ባዶ ላይ ይወድቃል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተሠራው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና፣ በኤምጂቢ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሲነቀል ባዶ፣ ሲገናኝ ሙሉ። የኤምጂቢው ጌጅ በሙቀት የሚታጠፍ ብረት ስላለው ቀስቱ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ጠብቁት፤ ሙሉ ላይ ሲደርስ ግን ወዲያው ቁልፉን አጥፉ፤ እንደታሰረ መተው ይጎዳዋል።

ቀስቱ ሁለቱንም ጫፎች ከነካ ጌጁም ወደ ኋላ የሚሄደው ሽቦም ደኅና ናቸው። እባካችሁ አትላኩልን። ካልተንቀሳቀሰ ያንኑ ሙከራ ከጌጁ ጀርባ፣ ራሱ ተርሚናሉ (ሽቦው የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ ድገሙት። እዚያ ከሠራ የተበላሸው በመካከል ያለው ሽቦ ነው።

ከሁሉም በላይ የምትዘነጉት ኔጋቲቩን ነው። በተለይ አዲስ የታደሰ መኪና ይህን ችግር ይወዳል፤ ታንኩ ወፍራም ቀለም ተቀብቷል፣ ማሰሪያው ሥር አዲስ ጎማ ገብቷል፣ ሁሉም ያበራል፣ ጌጁ ግን ዝም ብሏል። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ብረት በቀለምና በጎማ ተዘግቷላ! የኮርቬት አካል ደግሞ ፋይበርግላስ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ለኔጋቲቩ እስከ ሻሲው የሚዘልቅ የራሱ ሽቦ ያስፈልገዋል። ያ ሽቦ ዝጎ ወይም ተረስቶ ከቀረ ሌላ መንገድ የለም።

ለማረጋገጥ የሴንሰሩን ሽቦ ወደ ቦታው መልሳችሁ፣ ቁልፉ እንደጠፋ ከሴንሰሩ ክዳን ወደ ንጹሕ የሻሲ ብረት ሌላ ሽቦ ዘርጉና ቁልፉን ክፈቱ። ቀስቱ ከነቃ በሽታው ተገኘ። የኔጋቲቩን ብሎን ፍቱ፤ ከቀለበቱ ተርሚናል ሥር ቀለም ወይም ቡናማ ዝገት ታገኛላችሁ። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ መልሳችሁ እሰሩት፣ ከላይ ትንሽ ግራሶ ቀቡት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ። ኔጋቲቩ ሙሉ በሙሉ ሳይቋረጥ ሲደክም በዑደቱ ላይ ተጨማሪ ሬዚስታንስ ይሆናል። በኤምጂቢ ይህ ነዳጁን አሳንሶ ያሳያል፤ ቢበዛ ሳይጎድል ትቀዳላችሁ። በኮርቬት ግን አብዝቶ ያሳያል። ሩብ አለኝ ያለ ሰው መንገድ ላይ የሚቆመው በዚህ ነው።

ሽቦውና ኔጋቲቩ ከጸዱ ተራው የሴንሰሩ ነው። ይህን ሥራ ልምድ ለሌለው ሰው አንመክርም። ነዳጁ ከሴንሰሩ ቀዳዳ በታች እስኪሆን ከታንኩ ይውጣ፣ ከሻሲው ጋር የታሰረው የባትሪ ሽቦ ይነቀል፣ ሥራው አየር በሚያገኝ ቦታ ይሁን፣ የሚያሞቅ አምፖል አይቅረብ፣ የማሰሪያው ቀለበት በነሐስ እንጂ በብረት መምቻ አይመታ። ሴንሰሩ ከወጣ በኋላ ክንዱን በእጃችሁ በጣም ቀስ አድርጋችሁ እያነሳችሁ ሬዚስታንሱን ለኩ። ለዚህ ባለ ቀስቱ አሮጌ ቴስተር ከዲጂታሉ ይሻላል፤ ቁጥር ሲዘል ዓይን ያመልጠዋል፣ ቀስት ሲደናቀፍ ግን ይታያል። መካከል ላይ ድንገት የሚቋረጥ ከሆነ ጥቅል ሽቦው እዚያ ቦታ ተበልቷል።

ተንሳፋፊውንም ከጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። የነሐሱ ዓይነት ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተቀድዷል፤ ነዳጅ ጠጥቶ ስለከበደ አይንሳፈፍም። በብየዳ ልድፈነው አትበሉ፤ ውስጡ የቀረው የነዳጅ ትነት ይፈነዳል። አዲስ ግዙ።

አዲስ ሴንሰር ስትገዙ ደግሞ ሬዚስታንሱን ጠይቁ። በገበያ በብዛት የሚገኘው ለሁሉም ይሆናል የሚባለው ዓይነት ባዶ ሲሆን 240፣ ሲሞላ 33 ኦም ነው። ይህ ኮርቬት ላይ ቢገባ ታንኩ ሲራቆት ቀስቱ ሙሉ ይላል፣ ታንኩ ሲሞላ ሲሶ ገደማ ይላል። የተሳሳተ ሴንሰር አስገብቶ ጌጁን አስተካክሉልኝ የሚል ጥያቄ አንቀበልም፤ ጌጁን በሐሰት ማስማማት ይሆናል።

ኩርባ ላይ ቀስቱ የሚወዛወዝባችሁም አትጨነቁ። ዝቅና ሰፋ ያለ ታንክ ውስጥ ነዳጅ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አንዳንድ የድሮ ጌጆች ይህን የሚያለዝቡበት ዘዴ የላቸውም።

በተርሚናሉ ላይ ኤሌክትሪክ እየደረሰው አሁንም የማይንቀሳቀስ ጌጅ ካላችሁ እርሱ የእኛ ሥራ ነው። ስትልኩልን የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት፣ ሽቦው ሲነቀልና ከሻሲ ጋር ሲገናኝ ቀስቱ የሄደበትን ቦታ፣ ሴንሰሩ ተቀይሮ ከሆነም የአዲሱን ሬዚስታንስ ጻፉልን። ስታቢላይዘር ያላቸው መኪናዎች ባለቤቶች እርሱንም አብራችሁ ላኩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስረን እንፈትሻቸዋለን። ጌጁ ተመልሶ እስኪደርሳችሁ ታንኩን ሞልታችሁ የጉዞ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ ላይ መልሱና በእርሱ ተመሩ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍሉ ባልደረቦች