ለጉንፋን ዝንጅብሉ በስንት ጣዕሙ!

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የዘንድሮ ክረምት ቤታችንን ሙሉ በማስነጠስ አዳረሰው። ሰፈራችን ያለ መድኃኒት ቤት ጎራ ብል፣ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ አሞክሳሲሊን ተዘረጋልኝ። ማዘዣ የለ፣ ምርመራ የለ! ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚሠራው ደግሞ ባክቴሪያ ላይ ነው። ታዲያ ምን ሊረባኝ?

ትቼው ወደ እናቴ ጓዳ ተመለስኩ። ዝንጅብል ተወቅጦ ይፈላል፤ በረድ ሲል ማር ጠብ ይደረግበታል። ጉሮሮ ላይ ሲወርድ ያለው ነገር! ማር ሳል እንደሚያስታግስ ሐኪሞችም ይናገራሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ነጭ ሽንኩርት በፌጦ ያሉኝም ነበሩ፤ ሆዴ ስለማይችለው አልፌዋለሁ። በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠኑ ደስ ይላል፤ የፈላውን ድስት ብቻ ከልጆች አርቁት።

መከላከሉን ግን ረስተነዋል። ታክሲ ውስጥ ካፊያ ገባ ብለን መስኮቱን ጥርቅም እናደርጋለን። አንዱ ሲያስነጥስ ሁላችንም እንካፈላለን። «ንፋስ ይመታናል» የሚሉ እናቶች ይቅር ይበሉኝና፣ ትንሽ ከፈት ይደረግ። እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ትንፋሽ ካጠረ ወይም ትኩሳቱ አልለቅ ካለ ግን ጤና ጣቢያ ነው፤ ዝንጅብሉ እዚያ አይደርስም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ