የሂውስተን ወላጅ መቼ ተጠየቀና ነው የተስማማው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሂውስተን ትምህርት ቤቶች ያወጣችሁት ዘገባ፣ ውጤት ስለተሻሻለ ነዋሪው የስቴቱ አስተዳደር እስከ 2027 እንዲቀጥል ተስማምቷል ይላል። መቼ ተስማማ? የት? በማን ፊት? እዚህ ከተማ ሁለት ልጆች አስተምራለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ምርጫ አምልጦኝ አያውቅም። እኔን የጠየቀኝ የለም። የማውቃቸውን ሐበሻ ወላጆችም የጠየቃቸው የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ቴክሳስ በ2015 ባወጣው ሕግ መሠረት አንድ ትምህርት ቤት ብቻ አምስት ዓመት በተከታታይ ከወደቀ፣ የስቴቱ የትምህርት ኮሚሽነር ወይ ያንን ትምህርት ቤት ይዘጋል ወይ ትምህርት ቤቱ ያለበትን መላውን የትምህርት ዲስትሪክት ይረከባል። ለሂውስተን ሰበብ የሆነው ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው ሰፈር ያለው የዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ዲስትሪክቱ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ርክክቡን ለዓመታት በእግድ አቆየው፤ በዚህ መሀል ዊትሊ፣ ስቴቱ ለትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው ከኤ እስከ ኤፍ ያለ ደረጃ፣ በ2022 ሲ አምጥቶ አለፈ። ማለፉ አላዳነንም። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እግዱን አነሳ፤ ከጁን 1 ቀን 2023 ጀምሮ እኛ የመረጥናቸው ዘጠኝ የቦርድ አባላት ሥልጣናቸውን ተነጠቁ፣ ኮሚሽነር ማይክ ሞራት የሾሟቸው ዘጠኝ ሰዎች ተተኩ፣ ማይክ ማይልስም የዲስትሪክቱ ዋና ኃላፊ (ሱፐርኢንቴንደንት) ሆነው መጡ። በጁን 2025 ደግሞ እነዚሁ ኮሚሽነር ጊዜውን በሁለት ዓመት አራዘሙት። ያራዘሙት እሳቸው ናቸው። እሳቸው የገዥው ተሿሚ እንጂ የሂውስተን ሕዝብ ምርጫ አይደሉም። ይህን «ነዋሪው ተስማማ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ልታርሙት ይገባል።

ነዋሪው በእርግጥ የተጠየቀበት አንድ ቀን አለ፤ እሱን ዘላችሁታል። በኖቬምበር 2024 አስተዳደሩ ለትምህርት ቤቶች ግንባታና ጥገና የ4.4 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ፣ ማለትም ብድር፣ እንድናጸድቅለት ወደ ድምፅ መስጫ አቀረበ። «እምነት ከሌለ ቦንድ የለም» የሚለውን መፈክር የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መራጩ ጣለው። እኔም አይሆንም ካሉት አንዷ ነኝ፣ ሳላዝን ግን አይደለም። የልጄ ክፍል ማቀዝቀዣ በሂውስተን ሙቀት ስንቴ እንደተበላሸ አውቃለሁ፤ ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን የሚያዙት ሰዎች ቢያጠፉ በድምፄ ላወርዳቸው ካልቻልኩ፣ ቃላቸውን በምን አስይዤ ልመን? አንድ ዘጋቢ የሕዝቡን ሐሳብ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ውጤቱ መሻሻሉን አልክድም። በ2025 በወጣው የስቴቱ ምዘና ኤፍ ያገኘ የሂውስተን ትምህርት ቤት የለም። ልጆቹም መምህራኑም የለፉበት ነው። ግን ዘገባችሁ ከዚህ ተነስቶ የደረሰበት ድምዳሜ ተገላቢጦሽ ነው። ስቴቱ ሲገባ ለመውጣት ሦስት መስፈርት አስቀምጦ ነበር፦ ለተከታታይ ዓመታት የወደቀ ትምህርት ቤት እንዳይኖር፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ እንዲከበር፣ ቦርዱም በተማሪ ውጤት ላይ ያተኮረ አሠራር እንዲይዝ። ውጤት ሲወድቅ «አልቻላችሁም፣ እንረከባለን»፤ ውጤት ሲነሳ «ሥራው እየሰመረ ነው፣ እንቀጥላለን»። ታዲያ የሚወጡት ምን ሲሆን ነው?

ሦስተኛው መስፈርትማ ለመረጥናቸው ሰዎች የሚመለከት አልሆነም። የቦርድ ምርጫ ዛሬም ይካሄዳል፤ የምንመርጣቸው ግን በውሳኔ ላይ ድምፅ የላቸውም። ሥራ ያልተሰጠው ሰው ብቃቱ በምን ይለካል?

ሁለተኛው፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርቱ ላይ ልቆይ፤ ቤቴን የነካው እሱ ነው። ትንሹ ልጄ አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው። ትምህርት ቤቱ እንዲመረመር ስጠይቅ «ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ ስለሚሰማ ነው፣ ይለምዳል» አሉኝ። ስብሰባ ሲጠሩን አማርኛ አስተርጓሚ አልነበረም፤ ስለ ወንድሟ ችግር የሚነገረውን ቃል በቃል ያስተረጎመችልን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዋ እህቱ ናት። ይህ ሁሉ የሆነው በስቴቱ አስተዳደር ዘመን ነው። አሁን ማን ማንን እንደሚመዝን እዩ። የቴክሳስ ትምህርት ኤጀንሲ ከ2004 ጀምሮ ልዩ ድጋፍ የሚያገኙ ተማሪዎችን ድርሻ 8.5 በመቶ ላይ የሚይዝ መለኪያ ነበረው፤ ብዙ ሺህ ሕፃናት በዚያ ምክንያት የሚገባቸውን አጡ፤ በ2018 የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ስቴቱ ሕግ መጣሱን አረጋገጠ። በዚሁ ጉዳይ ጥፋተኛ የተባለ ተቋም ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ብቸኛ መዛኝ ሆኖ «ገና አልደረሳችሁም» ይለናል። ከሳሹም ዳኛውም ወንበሩ ላይ የተቀመጠውም አንድ ከሆነ፣ የመመለሻው ቀን ከየት ይመጣል?

ይህ ስጋት የኔ ፈጠራ አይደለም። የኒው ጀርሲ ስቴት የኒዋርክ ከተማን ትምህርት ቤቶች በ1995 ተረከበ፤ በአምስት ዘርፍ ነጥብ እየሰጠ ሥልጣኑን ቆራርሶ መልሶ ሙሉውን ያስረከበው በ2018 ነው። ስቴቱ ሲገባ መዋዕለ ሕፃናት የጀመረ ልጅ፣ ሲወጣ የራሱን ልጅ ለማስመዝገብ ደርሶ ነበር። ፊላዴልፊያም ከ2001 እስከ 2018 ጠብቃለች። ከ2011 እስከ 2016 በስቴት የተወሰዱ ዲስትሪክቶችን ያጠኑት ተመራማሪዎች፣ ቤት ሹለርና ጆሹዋ ብላይበርግ፣ ደግሞ በአማካይ የተማሪ ውጤት መሻሻል አላገኙም። ሂውስተን ከአማካዩ ትለይ ይሆናል፤ እሰየው። የተለየች ከሆነች ግን በስቴቱ ሥር የምትቆይበት ምክንያት አነሰ እንጂ አልበዛም።

«በአንድ ቀን ቢመለስ ሁሉም ይፈርሳል» የምትለዋ ስጋታችሁም ሕጉን ያላነበበ ሰው ስጋት ናት። ሕጉ መመለሱን በአንድ ቀን አያደርገውም፤ በየዓመቱ ከተሾሙት አንድ ሦስተኛው እየወጡ በተመረጡት ይተካሉ። ጥንቃቄው ድሮውኑ ተጽፎ ተቀምጧል። የጎደለው፣ መስፈርቱ መሟላቱን ሥልጣኑን ከያዘው ውጭ ያለ አካል እንዲመሰክር ማድረግና ያዡ ራሱ ለራሱ ጊዜ እንዳያራዝም መከልከል ነው።

ዘጋቢያችሁ ወደ ኮሚሽነሩ ቢሮ ሲደውል ይህን ይጠይቅልን፦ በጁን 2027 ከሦስቱ መስፈርቶች የትኛው አልተሟላም ሊባል ይችላል? በየትኛው ቁጥር? ያንንስ ቁጥር የሚያጣራው ማን ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀብሎ ያትምልን። አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችን ማነጋገር ከፈለገም ብዙ ነን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቢመጣ ያገኘናል።

የሁለት ልጆች እናት
ሂውስተን፣ ቴክሳስ