የልጅ የጀርባ ውሃ ሲቀዳ ማስክ ይደረግ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እዚህ ጎንደር «የልጁ የጀርባ ውሃ ተቀድቶ ይመርመር» ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል። ሽባ ያደርጋል ይባላላ! እምቢ ብለው፣ ፈርመው፣ ልጃቸውን ይዘው የወጡ አውቃለሁ። መርፌው የሚገባው ግን ህብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው። ማጅራት ገትርን በእርግጠኝነት ለመለየትም ይህ ምርመራ ያስፈልጋል። እባካችሁ እምቢ አትበሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በመርፌው ሰበብ ጀርም ሊገባ ይችላል። እጅግ ብርቅ ነው፤ ከገባ ግን ራሱ ማጅራት ገትር ያመጣል።

በቅርቡ የእህቴን ልጅ ይዘን አንድ ሆስፒታል ነበርን። ልጁን በጎኑ አስተኝተው፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፈው ያዙት። ጀርባውን በአዮዲን ጠረጉት። ጓንቱም ንጹሕ፣ ከማሸጊያው የወጣ ነበር። የሐኪሙ ማስክ ግን አገጩ ሥር ነው። መርፌውን እየገፋ ለተማሪዎቹ ያስረዳል። እህቴ አየችው፤ ግን ዶክተርን ማን ደፍሮ ይናገራል? ልጁ ተመስገን ድኗል።

አፋችን ውስጥ ምንም ሳይጎዳን የሚኖር ስትሬፕቶኮከስ ሳሊቫሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ስናወራ ከምራቅ ጋር ይረጫል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ኒውዮርክና ኦሃዮ ውስጥ ለምጥ ማደንዘዣ ጀርባቸውን የተወጉ 5 እናቶች ማጅራት ገትር ያዛቸው። አንዷ ሞተች። የኦሃዮዎቹን ሁለቱን የወጋው ሐኪም ማስክ አላደረገም ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደግሞ ወደ ጀርባ መድኃኒት የሚወጋ ሁሉ ማስክ ያድርግ ብሎ ገና በ2007 መክሮ ነበር። እነዚያ አዋቂዎች ናቸው፣ የተወጉትም ለማደንዘዣ ነው። ግን መርፌው የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። ታዲያ ለልጆቻችን ለምን ይቅር? በኮሮና ጊዜ ሁላችን ያደረግነው ማስክ እኮ ነው!

ሌላው የሚያንገበግበኝ ዝምታው ነው። ለእህቴ ከዚያ በኋላ ምን እንደምትጠብቅ የነገራት የለም። ሲነሳ የሚብስ፣ ሲተኛ የሚቀል ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ይለቃል። አዲስ ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ ማስመለስ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ የተወጋበት ቦታ መቅላት ወይም መግል መያዝ ከታየ ግን በዚያው ቀን መመለስ ያስፈልጋል። ከደባርቅ ወይም ከጭልጋ የመጣች እናት ይህን መስማት ያለባት ከዎርዱ ሳትወጣ፣ በሚገባት ቋንቋ ነው። የሆስፒታል ኃላፊዎች ይህን የሚነግር ነርስ ይመድቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር