የእማዬ እንቅርት ኦፕራሲዮን፦ ከበርን ለወንድሜ

ውድ ወንድምዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ብርዱ ገብቷል፣ ሥራዬም እንደ ወትሮው ነው።

በስልክ የነገርከኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ። እማዬ እንቅርቷን ለመታከም እሺ ማለቷ በጣም ደስ ብሎኛል። ስንት ዘመን "ተዉኝ፣ አብሮኝ ያረጀ ነው" ስትለን ኖረች። ግን "እዚሁ ክሊኒክ ተገኝቷል፣ ሐኪሙ በሚመጣው ሳምንት አምጧት ብሏል" ያልከኝ ላይ እባክህ ቆም በል። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ነው በጽሑፍ የላክሁልህ። ይዘኸው ሂድ።

ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። "ዶክተር፣ በዓመት ስንት እንቅርት ያወጣሉ?" በለው። አትፈር። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም፣ ቁጥሩን ይነግርሃል። ቀጥለህ "ከነሱ ውስጥ ስንቱ ድምፁ ተበላሸ? ስንቱ ደም ፈሶት ተመልሶ ገባ?" በል። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ታይሮይዳቸው፣ ማለትም ሲያብጥ እንቅርት የምንለው የአንገት እጢ፣ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸውን ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ያየ ነው። በዓመት ከ25 በላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ጋ የታከሙት የገጠማቸው ችግር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከሐኪሞቹ ግማሽ ያህሉ ግን በዓመት አንድ ብቻ ነበር የሚሠሩት። አሜሪካ እንኳ እንዲህ ነው!

አንገት ጠባብ ቦታ ነው። ከታይሮይዱ ኋላ በግራና በቀኝ ወደ ድምፅ አውታር የሚሄዱ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። አንዱ ከተነካ ድምፅ ይሻክራል። ሁለቱም ከተጎዱ መተንፈስ ራሱ ጭንቅ ይሆናል። እዚያው አጠገብ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሚሆኑ እጢዎች አሉ። የደማችንን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። እንደ እማዬ ያለ ትልቅና የቆየ እንቅርት ደግሞ ይህን ሁሉ ከቦታው ይገፋዋል። ለይቶ የሚያውቀው ብዙ ያየ እጅ ነው። የእማዬን ድምፅ አስበው እስቲ። ሙሾ ስታወርድ ለቅሶውን ሁሉ የምታስነሳ ሴት ናት።

እዚህ መሐል ከተማ በቴዎዶር ኮኸር ስም የተሰየመ መንገድ አለ። የበርን ቀዶ ሐኪም ነበር። ስዊዞችም እንደኛ ደገኞች ናቸው። ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ ስለሚያጥበው በዚያ ዘመን አገሩ በሙሉ እንቅርት ነበረበት። አዮዲን ያለው ጨው መብላት የጀመሩት ከፈረንጆቹ 1922 ወዲህ ነው። ኮኸር በዕድሜው ከ5 ሺህ በላይ እንቅርት አውጥቷል። መጀመሪያ ላይ ከመቶ ከአሥር በላይ ይሞቱበት ነበር። በመጨረሻ ከመቶ አንድም አይሞላም። በ1909 ኖቤል ተሸለመ። እኔ ከሽልማቱ ይልቅ ልቤን የሚነካኝ ሌላ ነው። የታከሙትን ሰዎች መልሶ እየጠራ ያይ ነበር። እጢው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰውነታቸው እንደሚያብጥ፣ እንደሚበርዳቸውና እንደሚፈዝዙ አስተዋለ። ያንን በ1883 ራሱ ለሙያ ባልደረቦቹ ተናገረ። እማዬን የሚነካት ሐኪም እንዲህ የራሱን ሥራ የሚከታተል እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ደግሞ ሐኪሙ ብቻውን አይበቃም። የምሠራበት ዋርድ የቀዶ ጥገና ስለሆነ በየጊዜው አየዋለሁ። ታማሚዋ ከኦፕራሲዮን ስትመለስ ራስጌዋ ከፍ ይደረጋል። ነርሷ "ስምዎን ይንገሩኝ" ትላታለች። ስሟን አጥታው አይደለም፣ ድምፁን ልትሰማ ነው። ከዚያ ፋሻውን ታያለች፣ የአንገቷን ግራና ቀኝ በጣቷ ትዳስሳለች። ውስጥ ለውስጥ ደም ከፈሰሰ አንገት ያብጣል፣ ትንፋሽም ይዘጋል። ይህ በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ ስፌቱን መክፈቻ መሣሪያ ከአልጋው አይርቅም። በማግስቱ ጠዋት ካልሲየሟ በደም ምርመራ ይታያል። "ጣትዎን ይወርዎታል? ከንፈርዎ ዙሪያ ይደነዝዝዎታል?" ተብላም ትጠየቃለች። ስለዚህ ክሊኒኩን "ሌሊት ማን ያድራል?" ብለህ ጠይቅ። ማታ ዘበኛ ብቻ የሚቀርበት ቤት ለዚህ ኦፕራሲዮን አይሆንም።

እማዬ በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ለሰመመን ሰጪው ሳትነግር እንዳትወጣ። እንቅርቱ የአየር ቧንቧዋን ተጭኖት ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ይታይ። ይህ ምልክት ስላለ ምርመራውን ራሱ አታቆዩት። የሚቆየው ቢላዋው ነው። የታይሮይድ ሆርሞን የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ እንደ አስፈላጊነቱም በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ሳያይ ቀን የቆረጠ ሐኪም ተወው። የአንገት በላይ ሐኪምም የድምፅ አውታሯን አስቀድሞ ይይላት። ሆርሞኗ ከፍ ያለ ከሆነ መጀመሪያ በመድኃኒት መስተካከል አለበት። ሳይስተካከል መቀደድ ለሕይወት ያሰጋል።

የጎረቤታችን ልጅ ከኩላሊቱ በላይ ያለው እጢ ነገርም ከዚህ አይለይም። በዚያ እጢ ላይ የሚበቅል አንዳንዱ ዕባጭ ደም ግፊትን ያስጨፍራል፣ አስቀድሞ በመድኃኒት ሳይገራ አይነካም። እሱንም ሆርሞን የሚያውቅ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይየው በላቸው።

የት እንውሰዳት ላልከኝ፣ መጀመሪያ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ጠይቅ፣ ለእናንተ ቅርብ ነው። ካልሆነ አዲስ አበባ። ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ናቸው፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሪፈር ይላክላቸዋል። የሕንፃ መስታወት አያታልልህ። እዚያም ሄደህ ያንኑ ጥያቄ ጠይቅ። የሚሠራላት ማን እንደሆነ፣ ተማሪ ሐኪም ከሆነም ስፔሻሊስቱ ከጎኑ እንደሚቆም አረጋግጥ። ወረፋ ሊኖር ይችላል። ናሙናው ክፉ ነገር ካላሳየና ሐኪሞቹ መጠበቅ ትችላለች ካሉ ብንጠብቅ ይሻለኛል። አጎታችን "ህንድ ትሂድ" ያለውን ለጊዜው ተወው። ቁስሏንና ካልሲየሟን ከተመለሰች በኋላ ማን ይከታተላል?

ሙሉው መውጣት አለበት ወይስ ግማሹ ይበቃል? ይህንንም አስረዱን በል። ሙሉው ከወጣ ታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ዕድሜ ልክ በየቀኑ ትወስዳለች። በባዶ ሆድ ነው የሚዋጠው፣ ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። አቦሉን አርፍዳ እንድትጠጣ ከአሁኑ አለማምዳት። ኪኒኑ እናንተ ከተማ ፋርማሲ መኖሩን ከኦፕራሲዮኑ በፊት አጣራ። አንድ ወር ጠፋ ቢባል የምንልክበት መንገድ ከወዲሁ ይታሰብ።

ማተቤን አልፈታም ብላ እንዳታስቸግር፣ ነርሶቹን ጠይቀህ እጇ ላይ እሰርላት። ጠባሳው አንገቷ ላይ ካለው ንቅሳት አጠገብ እንደሚያርፍ ንገራት። ጎረቤት የሚያመጣውን የሚቀባ መድኃኒት ደግሞ አደራህን አታስነካት።

ለመንገዱና ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ ባንክ ልኬያለሁ፣ ሰኞ ጠይቅ። የምርመራ ውጤቶቹን በሙሉ ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ የሐኪሙንም መልስ ጨምርበት። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

የምትወድህ እህትህ፣
ከበርን